ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት ለመግባት፦ የአማኑኤልና የአካባቢው ወላጅ ማወቅ ያለበት

ሰኔ ሲገባ አማኑኤል ላይ ሁለት ነገር ይወራል፦ ዝናቡና ሚኒስትሪው። ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ጫማ እስኪጠለቅ ድረስ በመስጂዱ በር ላይ ከሚነሱት ወሬዎች አንዱ የስምንተኛ ክፍል ልጆች ጉዳይ ነው። አንዱ አባት ይመጣና፣ «ልጄ ከክፍሉ አንደኛ ነው፤ ጎበዝ ልጆችን ሰብስቦ የሚያስተምር የመንግሥት ትምህርት ቤት አለ ይባላል፤ በምን ይገባል?» ይላል። የሚመልስለት ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም። የሚያውቁት ልጃቸውን ያስገቡት ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ጥቂት ናቸው። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለዚያ አባት ነው። በማቻከል ወረዳ ያለ ወላጅን እያሰብን ብንጽፈውም በደምበጫ፣ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ማርቆስ ወይም በሌላ የክልሉ አካባቢ ያለ ወላጅም ይጠቀምበታል።

የትኛው ትምህርት ቤት?

በአማርኛ «ልዩ ትምህርት ቤት» ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይደባለቃሉ። አንደኛው «ልዩ ፍላጎት» ነው፤ ማየት፣ መስማት ወይም መማር ለሚቸግራቸው ልጆች የሚሰጥ ትምህርት ነው። ሁለተኛው እዚህ የምናወራለት ነው፦ በትምህርታቸው ብልጫ ያሳዩ ልጆችን ከየአካባቢው በፈተና መርጦ ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚያስተምር። ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ስትሄዱ «ልዩ አዳሪ» ወይም «ስቴም» ብላችሁ ጠይቁ። ስቴም የሚለው ቃል ሳይንስን፣ ቴክኖሎጂን፣ ምህንድስናንና ሒሳብን ባንድ ላይ የሚጠራ አሕጽሮት ነው።

በአማራ ክልል ስማቸው በብዛት የሚነሳው ደሴ ልዩ አዳሪ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና በባህር ዳር ያለው የስቴም ትምህርት ቤት ናቸው። አዲስ አበባ ላይ በኮተቤ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የሳይንስ ትምህርት ቤት አለ፤ ሰው «ኮተቤ ሳይንስ ሼርድ» ብሎ ይጠራዋል። ሌሎች ክልሎችም የየራሳቸው አላቸው፦ በመቀሌ ቃላሚኖ፣ በአዳማ የኦሮሚያ ልማት ማኅበር አዳሪ ትምህርት ቤት፣ በስልጤ ወራቤ ሀይረንዚ። እነዚህ በአመዛኙ የየአካባቢያቸውን ልጆች ስለሚቀበሉ የጎጃም ወላጅ ዓይኑን መጣል ያለበት በክልሉ ውስጥ ባሉትና በአዲስ አበባው ላይ ነው። ደብረ ብርሃን አጠገብ ያለው ኃይሌ ማናስ አካዳሚ ደግሞ የመንግሥት አይደለም። ሆኖም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ከመላ አገሪቱ ልጆችን በፈተና የሚቀበል፣ መክፈል ለማይችል ቤተሰብም ድጋፍ የሚሰጥ የግል አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ክፍያውን ብቻ ሰምታችሁ አትተዉት።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በንጉሡ ዘመን ጄኔራል ዊንጌትና ኮተቤ ላይ የነበረው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዳሪ ትምህርት ቤት ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመረጡ ልጆችን ያስተምሩ ነበር። በዩኒቨርሲቲው ሥር የነበረው በዕደ ማርያምም የየትምህርት ቤቱን ጎበዞች ለመጨረሻው ዓመት ወደ አዲስ አበባ ያመጣ ነበር። የዛሬዎቹ አያቶች «አዳሪ ገባ» የሚለውን ቃል በአክብሮት የሚናገሩት ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው።

ሩጫው ለምን በረታ?

የአሥረኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከቀረ በኋላ የልጁ ዕጣ የሚወሰነው በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ብቻ ሆነ። ፈተናው ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ሲጀምር ደግሞ ኩረጃው ቀነሰ፤ ውጤቱም እውነተኛውን ገመና አወጣ። በዚያ ዓመት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 27,267 ልጆች፣ ማለትም 3.2 በመቶ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፤ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ አለፉ። በ2015 ዓ.ም. ብቻ አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። በአንጻሩ ልዩ አዳሪዎቹ ያስፈተኗቸውን በሙሉ ወይም ከሞላ ጎደል ያሳልፋሉ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልናገር። አዳሪዎቹ የሚያሳልፉት ጥሩ ስለሚያስተምሩ ብቻ አይደለም፤ ሲጀመር የሚያልፉትን መርጠው ስለሚያስገቡም ነው። ስለዚህ «ልጄ እዚያ ካልገባ አለቀለት» የሚለው ፍርሃት ልክ አይደለም። «ከገባ አበቃ፣ አለፈ» የሚለውም እንደዚያው። ልዩነቱ ያለው ባልተዘጋ ክፍል፣ በተሟላ መምህር፣ በሚሠራ ቤተ ሙከራና በእኩያ ጎበዞች መካከል አራት ዓመት መቆየት ላይ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተከሰተው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ይህ ልዩነት ይበልጥ ሰፋ። የገጠሩ ልጅ መጽሐፉን ዘግቶ ከብት ሲጠብቅ የከረመበት ዓመት አለ፤ አብሮት ወደሚፈተነው የከተማ ልጅ ለመድረስ ያንን ዓመት መሙላት አለበት።

ልጁ ለዚህ ይሆናል ወይ?

ብዙ ወላጅ የሚመዝነው በካርዱ ደረጃ ነው። ደረጃ ግን የሚነግራችሁ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። ሰባ ልጅ ባለበት ክፍል አንደኛ የወጣ ልጅ ሌላ ትምህርት ቤት ቢሄድ አሥረኛ ሊሆን ይችላል። ከካርዱ ይልቅ የስድስተኛ ክፍልን ክልላዊ ፈተና ውጤት ተመልከቱ፤ እሱ ለክልሉ ልጆች ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። በካርዱ 95 እያመጣ በክልላዊው 60 ካመጣ፣ ካርዱ አታሎናል ማለት ነው። ለመዘጋጀት ግን ሁለት ዓመት አለ።

ከቁጥሩ ሌላ የምትመለከቱት ጠባዩን ነው። ሱቅ ስትልኩት ሒሳቡን በአእምሮው የሚሠራ፣ ያልገባውን የሚጠይቅ፣ ያለ ግፊት መጽሐፍ የሚያነሳ፣ ስህተቱን ለማወቅ ተመልሶ የሚሄድ ልጅ ነው ለዚህ የሚሆነው። ቁርኣን ቤት ኡስታዙ በቃል ሲያስጠናው ከሌሎቹ ቀድሞ የሚይዝ ልጅ ጥሩ ማስታወስ አለው፤ ይህ መልካም ምልክት ነው፤ ሒሳብ ግን ማስታወስ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ኡስታዙንም፣ የሒሳብ መምህሩንም፣ የእንግሊዝኛ መምህሩንም ለየብቻ ጠይቁ። ሦስቱም «ይህ ልጅ የተለየ ነው» ካሉ ቀጥሉ።

ልጁንም ጠይቁት። እናቱን ጥሎ ሌላ ከተማ ለማደር የማይፈልግን ልጅ አስገድዶ መላክ በመጀመሪያው ሴሚስተር ተመልሶ እንዲመጣ ማድረግ ነው፤ አይተናል።

ማስታወቂያው መቼ ይወጣል? ከማን ይሰማል?

መንገዱ በአጭሩ ይህ ነው። ልጁ ሰኔ ላይ የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ይወስዳል። ውጤቱ በክረምቱ ይገለጻል። ከዚያ ትምህርት ቤቶቹ ወይም ትምህርት ቢሮው ለመግቢያ ፈተና የሚያበቃውን መቁረጫ ነጥብ ጠቅሰው ማስታወቂያ ያወጣሉ። ያሟላው ይመዘገባል፣ ይፈተናል፤ የተመረጡት ስም ዝርዝር ይለጠፋል። መቁረጫ ነጥቡ በየዓመቱ ይለያያል፤ ለሴቶችና ለአካል ጉዳተኞች ዝቅ ያለ ነጥብ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ አምና የሰማችሁትን ቁጥር ይዛችሁ «ልጄ አልደረሰም» ብላችሁ አትቀመጡ፤ የዘንድሮውን አንብቡ።

ትልቁ ችግር ጊዜው አጭር መሆኑ ነው። በማስታወቂያውና በምዝገባው ማብቂያ መካከል የሚሰጠው ጥቂት ቀን ነው፤ ጊዜውም ክረምት ነው፦ መምህሩ ለእረፍት ሄዷል፣ ርዕሰ መምህሩ ስልኩ አይሠራም፣ መብራትና ኔትወርክ ይጠፋል፣ መንገድ ሊዘጋ ይችላል። አማኑኤል ከማርቆስ ወደ ባህር ዳር በሚሄደው አስፋልት ላይ ያለ ከተማ ስለሆነ ይሻላል፤ ከውስጥ ቀበሌዎች የሚመጣው ግን ጭቃውን አቋርጦ ነው። ስለዚህ የሚደረገው በግንቦት ነው። በግንቦት ወደ ልጁ ትምህርት ቤት ሄዳችሁ ርዕሰ መምህሩን፣ «በክረምት ልጄ ለልዩ አዳሪ እንዲወዳደር እፈልጋለሁ፤ ማስታወቂያ ሲመጣ ደውሉልኝ» በሉት፤ ስልክ ስጡት፤ የእሱንም ያዙ። ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁም ፈተናን የሚመለከተውን ባለሙያ ፊት ለፊት አግኙት። የክልሉን ትምህርት ቢሮ የፌስቡክ ገጽና የቴሌግራም ቻናል ደግሞ በቤቱ ስማርት ስልክ ያለው ሰው ይከታተል። ስማርት ስልክ የሌለው ወላጅ ካለ ጎረቤት ይንገረው፤ በመስጂድ ማስታወቂያ ቢነገርለትም የሚያስነውር ነገር የለውም።

በነገራችን ላይ በቴሌግራም «በ500 ብር እናስገባላችኋለን»፣ «የመግቢያ ፈተናው ከእኛ ጋር አለ» የሚሉ አሉ። ሁሉም ውሸት ነው። ለመወዳደር ክፍያ ካለ በማስታወቂያው ላይ ይጻፋል፤ የሚከፈለውም በባንክ ለተቋሙ እንጂ ለግለሰብ አይደለም።

የስም ነገር

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የእኛን ልጆች ከሌሎቹ በላይ የሚጥላቸው ይህ ነውና።

ለምዝገባ በተለምዶ የሚጠየቀው የስምንተኛ ክፍል ውጤት፣ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ካርድ ወይም ትራንስክሪፕት፣ የልደት ምስክር ወረቀትና ጉርድ ፎቶግራፍ ነው። የፋይዳ መታወቂያም እየተጠየቀ መጥቷል። አራት አምስት ወረቀት ነው፤ በሁሉም ላይ የልጁ ስም፣ የአባቱ ስምና የአያቱ ስም በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፍ አለበት።

የሙስሊም ስም በአማርኛ ሲጻፍ ደግሞ እንደ ጸሐፊው ነው። አንዱ መምህር «መሐመድ»፣ ሌላው «ሙሐመድ»፣ ሦስተኛው «ሞሃመድ» ይላል። «ሰይድ»ና «ሰዒድ»፣ «ኡመር»ና «ዑመር»፣ «አሊ»ና «ዓሊ»፣ «ከዲጃ»ና «ኸዲጃ» በየወረቀቱ ይለዋወጣሉ። «አብዱልቃድር» በአንዱ ካርድ ላይ «አብዱ» ሆኖ ያርፋል። ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር ደግሞ ይብሳል፤ ያው ሰይድ በአንዱ ወረቀት «ኤስ-ኢ-አይ-ዲ»፣ በሌላው «ኤስ-ኤ-አይ-ዲ» ተብሎ ይጻፋል፤ ኮምፒውተር ደግሞ ሁለት ሰው ያደርገዋል። በዚያ ላይ ቤት ውስጥ የሚጠራበትና ትምህርት ቤት የተመዘገበበት ስም የተለያየ ልጅ አለ። አያቱን በቅጽል ስሙ ያስመዘገበም አለ።

የራሴን ልንገራችሁ። ልጄ ውጤቱ አልፎ ወረቀቱን ይዘን ስንቀርብ፣ በካርዱ ላይ የአያቱ ስም አንድ ፊደል ተለይቶ ተገኘ። አንድ ቢሮ «ከቀበሌ አስተካክሉ» አለን፤ ቀበሌ «የእኛ ትክክል ነው፣ ትምህርት ቤቱ ያስተካክል» አለ፤ ትምህርት ቤቱ ክረምት ስለሆነ ማኅተሙ የተቆለፈበት ነበር። ማኅተሙን የያዘውን ሰው ፍለጋ ማርቆስ ድረስ ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ። በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ደረስን። አልሐምዱሊላህ፣ ተመዘገበ። የጎረቤቴ ልጅ ግን በተመሳሳይ ምክንያት አልደረሰችም፤ ውጤቷ ከልጄ ይበልጥ ነበር።

ስለዚህ ልጃችሁ ሰባተኛ ክፍል ሲገባ፣ ስምንተኛ ሳይደርስ፣ ወረቀቶቹን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩ። መነሻ የሚሆነው የልደት ምስክር ወረቀቱ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገራችን የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለደ ልጅ ዘግይቶ ነው የሚመዘገበው፤ ካልተመዘገበ አሁኑኑ አስመዝግቡት። በካርዱ ላይ ያለው ስህተት በትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ ከተስተካከለ ካርዱም ይስተካከላል፤ ለስምንተኛ ክፍል ፈተና ስሙ ከመላኩ በፊት ግን መሆን አለበት። ለፈተና ምዝገባ ስም ሲሞላ ልጁ ራሱ አይቶ እንዲፈርም ንገሩት። ስሙ ከነጭራሹ የተለየ ከሆነ ጉዳዩ በፍርድ ቤት ውሳኔ ነው የሚያልቀው፤ እሱ ደግሞ ወራት ይወስዳል። በእንግሊዝኛ የሚጻፈውን አንዴ ወስናችሁ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ቤት አስቀምጡ፤ ለፋይዳ ሲመዘገብም ያንኑ አስጽፉ።

ዕድሜም እንዲሁ ነው። አንዳንድ ልጆች ቁርኣን ቤት ቆይተው ዘግይተው ትምህርት ቤት ስለገቡ ዕድሜያቸውን ወላጅ ይቀንስላቸዋል። ይህን አታድርጉ። የተቀነሰው ዓመት በፋይዳና በልደት ወረቀት መካከል ሲገጭ ልጁ ሐሰተኛ ሰነድ ያቀረበ ይሆናል።

ፈተናው

የመግቢያ ፈተናው አብዛኛውን ጊዜ በሒሳብ፣ በእንግሊዝኛና በሳይንስ ላይ ያተኩራል፤ አንዳንዱ የማመዛዘን ችሎታ የሚለካ ጥያቄ ይጨምራል። ምንጩ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል መጽሐፍ ነው፤ ጥያቄው ግን ከመጽሐፉ ወጣ ያለ ነው። በመጽሐፉ ላይ «የአራት ማዕዘኑን ስፋት ፈልግ» የሚለው፣ በፈተናው ላይ «አንድ ገበሬ ባለው አጥር ሰፊውን ማሳ ለማጠር ቅርጹ ምን መሆን አለበት?» ብሎ ይመጣል። ቀመሩን የሸመደደ ይቆማል፤ ምክንያቱን የሚያውቅ ይሄዳል።

የገጠር ልጆች የሚወድቁት በእንግሊዝኛ ነው። ሒሳቡን ያውቁታል፤ ጥያቄውን አያነቡትም። ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ደግሞ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ስለሚሆን ይህ ክፍተት ከፈተናውም በኋላ ይከተላቸዋል። ስለዚህ ለአስጠኚ የምትከፍሉት ገንዘብ ካለ ከሒሳቡ በፊት ለእንግሊዝኛው ክፈሉት። ገንዘብ ከሌለ ልጁ የሳይንስ መጽሐፉን በየቀኑ አንድ ገጽ በእንግሊዝኛ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ያልገባውን ቃል ደብተሩ ላይ ይጻፍ። በዚህ ብቻ በዓመት ውስጥ ብዙ የተለወጡ አሉ። የመማሪያ መጽሐፍ እጥረት ባለበት ትምህርት ቤት የሚማር ከሆነ መጻሕፍቱ በሶፍት ኮፒ ስለሚገኙ በስልክ አውርዳችሁ ስጡት። ያለፉ ዓመታት የክልላዊ ፈተና ወረቀቶችንም ከመምህራን ጠይቁ፤ ሰዓት ይዞ እንዲሠራቸው አድርጉ። ሰዓት ሳይያዝ የሚሠራ ፈተና ልምምድ አይባልም።

በውጭ ያሉ ወገኖቻችንም ከዚሁ ነገር ጋር ይታገላሉ። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሰሜን ቨርጂኒያ ያለው የቶማስ ጄፈርሰን ትምህርት ቤት በ2020 እ.ኤ.አ. መግቢያ ፈተናውን ትቶ ከየመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የተወሰነ ድርሻ መውሰድ ጀመረ። ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም በ2024 እ.ኤ.አ. ጉዳዩን አልመለከትም ብሎ አሠራሩ ቀጠለ። «አንድ ፈተና ብቻ ይመርጣል ወይስ የመጣበትም አካባቢ ይታይለታል?» የሚለው ጥያቄ የእኛም ነው። በጦርነት ዓመት ግማሹን የተማረ የማቻከል ልጅና ሳይቋረጥ የተማረ የባህር ዳር ልጅ በአንድ መቁረጫ ነጥብ መመዘናቸው ፍትሐዊ አይመስለኝም። ይህንን የሚመለከተው ቢሮ እንዲያስብበት በወላጅ ኮሚቴ በኩል በደብዳቤ መጠየቅ ይቻላል።

ኑሮው፦ ምግብ፣ ሰላት፣ ሒጃብ

ልጁ ተመርጦ ከመሄዱ በፊት ወላጅ የሚፈራውን እያንዳንዱን ነገር ፊት ለፊት መጠየቅ አለበት። አፍሮ ዝም ብሎ ልኮ በኋላ መጨነቅ አይጠቅምም። የአዳሪው ኃላፊዎችም ቀድሞ የጠየቃቸውን ወላጅ ያከብራሉ።

መጀመሪያ ምግብ ነው። በዩኒቨርሲቲዎች ለሙስሊም ተማሪዎች ሥጋ ለብቻ ተዘጋጅቶ መቅረቡ የተለመደ ነው። በአዳሪ ትምህርት ቤት ተማሪው ጥቂት ስለሆነ ይህ ላይኖር ይችላል። ጥያቄው አንድ ነው፦ «ሥጋ ሲኖር የሚታረደው በማን ነው?» ለብቻ ካልተዘጋጀ ልጁ በሽሮና በአትክልት ይዘልቃል፤ አይጎዳም፤ ግን ከመሄዱ በፊት ይወቀው። የረመዷን ጉዳይም አብሮ ይነሳ፦ የኢፍጣሩ ምግብ ተቀምጦ ይጠብቀዋል ወይ? ለስሑር መነሳት ይፈቀድለታል ወይ? ቀድመው የገቡ ሙስሊም ተማሪዎችን አግኝታችሁ ጠይቁ፤ ከኃላፊው ይልቅ እውነቱን የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው።

ሰላትን በተመለከተ ሕጉ እንዲህ ነው። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 የሃይማኖት ነጻነትን፣ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ እንዲሆን ይደነግጋል። ትምህርት ሚኒስቴር በ2000 ዓ.ም. ያዘጋጀው የአምልኮ ሥርዓት መመሪያም በግቢ ውስጥ የጋራ አምልኮን አይፈቅድም። ልጁ ግን በግሉ፣ በአልጋው አጠገብ ከመስገድ የሚያግደው የለም። ጁምዓን መስጂድ ሄዶ ለመስገድ ከግቢ መውጫ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የዓርብ ምሳ እረፍት ከ5፡30 እስከ 7፡30 ስለሆነ ትምህርት ቤቱም በዚያው ሰዓት ፈቃድ ለመስጠት አይቸገርም፤ በመጀመሪያው ቀን ወላጅ ፈርሞ ካስፈቀደ ነገሩ ይቀላል። ከተማው ውስጥ ዘመድ ወይም የምታውቁት ሰው ካለ ተጠሪ አድርጋችሁ አስመዝግቡ። ደሴ ላይ ይህ ችግር አይደለም፤ ከተማው ሙሉ መስጂድ ነው፤ ባህር ዳርም ቢሆን አይጠፋም።

ሒጃብ ላይ ያው መመሪያ ፊትን የሚሸፍነውን ይከለክላል እንጂ የራስ መሸፈኛን አይከለክልም። ሆኖም በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ሒጃብ የለበሱ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ርቀው ጉዳዩ ፍርድ ቤት ድረስ መሄዱን ሁላችንም ሰምተናል። ስለዚህ የትምህርት ቤቱን የደንብ ልብስ ቀለም ጠይቃችሁ በዚያው ቀለም ሦስት አራት ሻሽ አስፉላት። ለጉርድ ፎቶግራፉም ፊቷና ጆሮዋ እንዲታይ ይጠየቅ እንደሆነ ከመነሳቷ በፊት አረጋግጡ።

ሴት ልጅ ስትሆን

ከአማኑኤል ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው ወይ በአዲስ አበባ ይዞራል፣ ወይ ባህር ዳር ወጥቶ በወልድያ ይወርዳል፤ በአንድ ቀን የሚያልቅ መንገድ አይደለም። አሥራ አራት ዓመት የሞላትን ልጅ በዚህ መንገድ መላክ ቀላል አይደለም፤ ፍርሃቱ የጤና ነው። እናቶች «መንገዱ ሰላም በሌለበት?» ሲሉ መልስ ያለው ሰው የለም። የሚደረገው ጥንቃቄ ግን አለ። አንደኛ፣ ብቻዋን አትሄድም፤ ከአካባቢው ያለፉት ልጆች ወላጆች ተጠራርተው አንድ አባትና አንድ እናት ይዘዋቸው ይሄዳሉ፤ ወጪውን ይካፈላሉ። ሁለተኛ፣ የሴቶች ማደሪያ ኃላፊዋን ስልክ እናትየዋ ራሷ ትይዛለች። ሦስተኛ፣ በዓመት ስንት ጊዜ እንደምትመጣ አስቀድሞ ይወሰናል፤ በየእረፍቱ መመላለስ ከገንዘቡም ከመንገዱም አንጻር አይቻልም።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ሌላ ነው። በአካባቢያችን ስምንተኛ ክፍል ስትጨርስ ጠያቂ የሚመጣባት ልጅ አለች፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጋር። የቤተሰብ ሕጉ ለጋብቻ 18 ዓመት ይጠይቃል። ውጤቷ ለአዳሪ የበቃ ልጅ ካለችና ቤት ውስጥ እንዲህ ዓይነት ወሬ ከተጀመረ አጎት፣ ኡስታዝ ወይም መምህር ጣልቃ ይግባ። ከአንዲት ልጅ አራት ዓመት ይልቅ የሠርጉ ድግስ የሚከብድበት ቤት ካለ ያ ቤት መመከር አለበት።

ካልተመረጠ

ከተፈተኑት አብዛኞቹ አይመረጡም። ልጁን «ወደቅህ» አትበሉት፤ አልወደቀም፤ ቦታው አነሰ እንጂ። ዘጠነኛን ባለበት ይቀጥላል። ዩኒቨርሲቲዎች በክረምት የሚሰጡትን የስቴም ሥልጠና በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ጠይቁለት። ኮምፒውተር ለሚወድ ልጅ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር በየክረምቱ የሳይበር ታለንት ሥልጠና ያዘጋጃል፤ ምዝገባው በኢንተርኔት ነው። ከ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠናም ነጻ ነው፤ እንግሊዝኛና ኢንተርኔት ግን ይፈልጋል። ቡራዩ ላይ ያለው የተሰጥኦ ማበልጸጊያ ተቋምም የፈጠራ ሥራ ያላቸውን ልጆች ይቀበላል።

የተመረጠው ልጅ ደግሞ ለመሄድ የሚያስፈልገው ሲታሰብ ትምህርቱ ነጻ ቢሆንም ወጪ አለ፦ ትራንስፖርት፣ አንሶላና ብርድ ልብስ፣ ሳሙና፣ ደብተር፣ ካልኩሌተር፣ ለአንድ ወር የሚሆን የኪስ ገንዘብ። ያልቻለ ቤተሰብ ካለ ጀመዓው መስከረም ሳይገባ ይወቅ። ዘካ ለሚገባው ተማሪ መስጠት እንደሚቻል ከኡስታዞች ጠይቁ፤ ልጁ ግን በሰው ፊት ስሙ ተጠርቶ እንዳይሸማቀቅ ገንዘቡ ለእናቱ በእጇ ይሰጥ። ከዋናው ወረቀት ሁሉ ሁለት ሁለት ፎቶ ኮፒ አድርጉ፤ አንዱን ልጁ ይያዝ፣ ሌላውን ቤት አስቀምጡ። ዋናውን ለመዝጋቢው ስትሰጡም የተረከበውን ሰው ስምና ቀኑን በደብተር ላይ ጻፉ።